ትልቅ ሰልባትዮ በቆየ የጉዞ ሞተር ሳይክል ላይ መግጠም፦ ከመፍታት እስከ መጀመሪያው ረጅም መንገድ

ትልቅ ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ገጥመው በማግስቱ መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ይደውሉልኛል። ቃላቸው አንድ ነው፦ «ቤንዚን ሞልቷል፣ ሞተሩ ግን ይጠፋብኛል።» አንዱ ካንዴላ ቀይሯል። ሌላው ካርቡራተሩን ሁለት ጊዜ አስፈትቷል። ጥፋቱ ግን እዚያ አልነበረም። ሰልባትዮውን ራሱን መግጠም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሰው የሚያቆሙት አብረውት የሚመጡት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፦ የታፈነ መተንፈሻ፣ ሳይደፈን የቀረ ቀጭን አፍ፣ ሩቢኔቱ (የቤንዚኑ መክፈቻና መዝጊያ) የማይደርስበት ቤንዚን።

ለምሳሌ የያዝኩት ሱዙኪ ዲአር 650 ኤስኢን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የወጣ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ነው። ሌላ ባለካርቡራተር ሞተር ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ የብሎኖቹ ቦታ ይለያያል። ኢንጀክሽን ከሆነ ግን ይህን መመሪያ አትከተሉ። የነዳጅ ፓምፑ አብዛኛውን ጊዜ ሰልባትዮው ውስጥ ስለሆነ ሥራው ሌላ ነው።

## መጀመሪያ ሂሳቡን ሥሩ

የዲአር 650 ነባር ሰልባትዮ 13 ሊትር ይይዛል። በአስፋልት፣ ሳትቸኩሉ ስትነዱት፣ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ገደማ ይበላል። 260 ኪሎ ሜትር ላይ ደረቀ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ አያደርስም። ከሞያሌ ማርሳቢት 250 ገደማ ነው፤ ልብ እያንጠለጠለ ያደርስ ይሆናል። 20 ሊትር ይዛችሁ ግን 400 ትሄዳላችሁ። ማደያው ሰልፍ በሰልፍ ሆኖ «በጀሪካን አንቀዳም» በሚባልበት ሰሞን ይቺ 7 ሊትር ቀን ታድናለች።

30 ሊትር የሚይዝም አለ። ከመጓጓታችሁ በፊት ክብደቱን አስቡት። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ይመዝናል። 13 ሊትር ወደ 10 ኪሎ፣ 20 ሊትር 15 ኪሎ፣ 30 ሊትር ከ22 ኪሎ በላይ ነው። ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ከፍ ብሎ፣ ወደ ፊት፣ ዕድሜ በጠገበ የፊት ሾክ ላይ ነው። እኔ 20 ይበቃል ባይ ነኝ። 30 የሚያስፈልገው ሰው ለምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል።

የራሳችሁን ፍጆታ በግምት አትመኑ። አፉ ድረስ ሙሉ፣ 150 ኪሎ ሜትር ንዱ፣ መልሳችሁ እስከዚያው ምልክት ሙሉ። የገባውን ሊትር ለ150 አካፍሉና በ100 አባዙ።

## የቱን እንግዛ?

ለዚህ ሞተር አቸርቢስ የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ባለ 20 ሊትር ፕላስቲክ ሰልባትዮ የታወቀ ነው። የምትገዙት የማንም ይሁን፣ ለሞተራችሁ ሞዴልና ዓመት የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። «ትንሽ ቆረጥ ካደረጋችሁት ይገባል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተሰናበቱት። ካርቶኑ ውስጥ ክዳን፣ ሩቢኔት፣ ማሰሪያ ብሎንና ላስቲኮች መኖራቸውን እዚያው ቆጥሩ።

ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ቤንዚን ነክቶት የማያውቅ አዲስ ይሁን። ያገለገለ ሰልባትዮ ሽታው ስለማይለቅ አየር መንገዶች እንደ አደገኛ ዕቃ ያዩታል። ወንድማችሁን ኤርፖርት ላይ አታስጨንቁት።

ነባሩን ቆርጠን በላሜራ እናስፋላችሁ የሚሉም አይጠፉም። እምቢ በሉ። ቤንዚኑ የተቀዳ ሰልባትዮ ባዶ አይደለም፤ ውስጡ ትነት ሞልቷል። የብየዳ እሳት ሲነካው የሚፈነዳው ይህ ትነት ነው፤ ከሞላው ይልቅ ባዶው ይብሳል። ከአደጋው ቢተርፍም ብየዳው በመንገድ ንቅናቄ ይሰነጠቃል፣ ዝገቱም ካርቡራተሩን ይደፍናል።

## የሚዘጋጁ ዕቃዎች

- ባለ 8፣ 10 እና 12 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ
- ለነዳጅ የተሠራ ጥቁር የጎማ ቱቦ፣ አንድ ሜትር
- ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት)፣ ቢያንስ ስድስት
- ለቫኪዩሙ አፍ (ደረጃ 3ን እዩ) የሚሆን የጎማ መክደኛ
- ትንሽ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ባለወንፊት
- የአሮጌ ብስክሌት ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ
- የብረት ጀሪካን፣ ጨርቅ፣ ልኬት ያለው ጆግ
- የዱቄት እሳት ማጥፊያ፤ ካልተገኘ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ

ቱቦ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ውፍረቱን አመሳክሩ። ውሃ ልክ የሚመስለው ርካሽ ቱቦ ያምራል፤ ቤንዚን ሲነካው ግን ይደርቃል፣ በወራት ውስጥም ይሰነጠቃል። ለመኪና የተሠራው ባለወረቀት ፊልትሮም አይሆንም። እሱ በፓምፕ ለሚገፋ ነዳጅ ነው። እዚህ ቤንዚኑ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው።

## ከመንካታችሁ በፊት

ሥራው ደጅ ይሁን። ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ሲጋራ የለም። ቡና የሚፈላበት ግቢ ከሆነ ከሰሉ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ከሩቅ እሳት ይደርሳል። እሳት ከተነሳ ውሃ አትድፉ፣ ያሰፋዋል።

## ደረጃ 1፦ ቤንዚኑን ቅዱ

የዲአር ነባር ሩቢኔት በቫኪዩም፣ ማለትም ሞተሩ ሲሠራ በሚፈጥረው የአየር መሳብ፣ የሚሠራ ነው። ሞተሩ ካልተነሳ «ኦን» ላይ ቢሆንም አያፈስም። ለመቅዳት «ፒአርአይ» የሚለው ላይ አዙሩት። ቱቦውን ከካርቡራተሩ በኩል ነቅላችሁ ጫፉን መሬት ላይ በተቀመጠ ጀሪካን ውስጥ ክተቱ።

## ደረጃ 2፦ ነባሩን አውርዱ

1. ከመፍታታችሁ በፊት ከግራም ከቀኝም በስልክ ፎቶ አንሱ። የገመዶቹ መስመር በደንብ ይታይ።
2. የጎን ክዳኖቹን፣ ቀጥሎ መቀመጫውን ፍቱ።
3. ከሰልባትዮው ግራና ቀኝ ያሉትን የፕላስቲክ ክንፎች አውርዱ።
4. ከኋላ ያለውን ማሰሪያ ብሎን ፍቱ። ሮንዴላውንና ላስቲኩን ባንድ ዕቃ አስቀምጡ።
5. ኋላውን ጥቂት ከፍ አድርጉና ከሥር እዩ። ሁለት ቱቦ ታያላችሁ፦ ወፍራሙ የቤንዚን፣ ቀጭኑ የቫኪዩም። ቀጭኑንም ንቀሉ።
6. ሰልባትዮውን ወደ ኋላ ሳቡ። ፊቱ ላስቲክ ላይ የተሰካ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይነሳም።

አልወጣ ካለ አትታገሉት። የቀረ ቱቦ አለ ማለት ነው።

## ደረጃ 3፦ የቫኪዩሙን አፍ ድፈኑ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አዲሱ ሩቢኔት አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚዘጋ ስለሆነ ቫኪዩም አይፈልግም። ሰውየው ታዲያ ቀጭኑን ቱቦ ነቅሎ ይጥለዋል። ቱቦው ተሰክቶበት የነበረው ቀጭን አፍ ግን ክፍቱን ይቀራል። ሞተሩ በዚያ በኩል አየር ይስባል፣ ቤንዚኑ ይሳሳል። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጡ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሎ አልወርድ ይላል። ነዳጅ ስትለቁ ጭስ ማውጫው ይተኩሳል። ሞተሩም ከልኩ በላይ ይግላል።

ቀጭኑን ቱቦ ሞተሩ በኩል እስከሚያልቅበት ተከተሉት። አፉ ላይ የጎማ መክደኛ ስኩና በፋሼታ እሰሩ። መክደኛ ካጣችሁ ከራሱ ከቱቦው አራት ጣት ያህል ቁረጡ፣ ጫፉ ውስጥ አጭር ብሎን አስገቡ፣ በሁለቱም በኩል እሰሩ። በሲሊኮን አትድፈኑት። ቤንዚን ያለሰልሰውና ተልጦ ወደ ሞተሩ ይገባል።

## ደረጃ 4፦ አዲሱን መሬት ላይ ፈትሹ

አዲስ ፕላስቲክ ሰልባትዮ ውስጥ ከፋብሪካ የቀረ ፍቅፋቂ አይጠፋም። አንድ ሊትር ቤንዚን ጨምሩ፣ አናውጡ፣ በነጭ ጨርቅ አጥልላችሁ ድፉ። ጨርቁ ላይ ምንም እስኪጠፋ ደጋግሙ።

ሩቢኔቱን ከነላስቲክ ቀለበቱ ግጠሙ። ብሎኖቹ የሚገቡት ፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበሩ የነሐስ ቀለበቶች ነው። በእጅ አስጀምሩ፣ ተራ በተራ አጥብቁ፣ እንደያዘ አቁሙ። ከጨከናችሁበት ነሐሱ ከፕላስቲኩ ተላቆ አብሮ ይዞራል፤ ያኔ መመለሻ የለውም። የተላቀቀ ነሐስ በሙጫ እናስይዝ የሚሉ አሉ። ተይዞ የከረመ አላየሁም።

አሁን አምስት ሊትር ጨምራችሁ ካርቶን ላይ አሳድሩት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ እርጥብ ካለ ብሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊት ቀለበቱን አውጥታችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ተጣሞ ወይም ተቆንጥጦ ይገኛል። ፕላስቲኩ ቤንዚን ሲጠጣ በመጠኑ ያብጣል። ስለዚህ ዛሬ ልክ የሆነው ቀዳዳ ነገ ትንሽ ሊሸሽ ይችላል። ማደሩ ለዚህም ይጠቅማል።

## ደረጃ 5፦ ባዶውን አስቀምጣችሁ ለኩ

ቤንዚኑን ድፉና ባዶውን ሻንሲው ላይ አስቀምጡ። ገና አትሰሩ። መሪውን እስከ ግራ መጨረሻ፣ ከዚያ እስከ ቀኝ መጨረሻ አዙሩ። ሰልባትዮውን ይነካል? የነዳጅና የፍሪሲዮን ገመዶቹ ይቆነጠጣሉ? ከሥር የሚያልፉት ሽቦዎችስ? በባትሪ መብራት አጎንብሳችሁ እዩ።

የተቆነጠጠ የነዳጅ ገመድ ቀልድ አይደለም። ሞተሩ በርቶ መሪውን ስታዞሩ ድምፁ ከፍ ካለ ገመዱ እየተሳበ ነው። መታጠፊያ ላይ ሞተሩ በራሱ ይፈተለካል። ይህ ሳይስተካከል ከግቢ አትውጡ።

ፕላስቲኩ ከብረት ጋር የሚተሻሽበት ቦታ ሁሉ ላይ ከከመነዳሪው ቆርጣችሁ ሻንሲው ላይ ጠቅልሉ። ሲሊንደሩ አናት አካባቢ ግን ጎማ አታስጠጉ። እዚያ ቢያንስ አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ይኑር።

## ደረጃ 6፦ እሰሩ

ፊቱን ላስቲኮቹ ላይ ስኩ። የኋላውን ብሎን በእጅ አስጀምሩ። አልገጥም ካለ በጉልበት አትጎትቱ፤ ፕላስቲክ ሰልባትዮ ሞላ ባለ ቤንዚን ትንሽ ስለሚለጠጥ አሥር ሊትር ጨምራችሁ ሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ ይገባል። አጥብቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሰልባትዮው በእጅ ሲነቀነቅ ላስቲኩ ላይ በትንሹ መንቀሳቀስ አለበት። ድርቅ ብሎ የታሰረ ፕላስቲክ ኮረኮንች ላይ ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 7፦ ቱቦውን ዘርጉ

ከሩቢኔት እስከ ካርቡራተር ቁልቁል ብቻ ይሂድ። መሃል ላይ ጉብ ካለ አየር ይቋጥራል፣ ቤንዚኑም ይቆማል። ሲሊንደሩን አያስነኩት። ፊልትሮው ላይ ያለው ቀስት ወደ ካርቡራተሩ ይይ። ጫፎቹን ሁሉ በፋሼታ እሰሩ። ሁለት ሩቢኔት ካለው ከሁለቱም የሚመጡትን ቱቦዎች በቲ ቅርጽ ማገናኛ አንድ አድርጋችሁ ውሰዱ።

## ደረጃ 8፦ መተንፈሻው

ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ ሰልባትዮው ውስጥ መሳብ ይፈጠርና ቤንዚኑ አልወርድ ይላል። ብዙዎቹ ክዳኖች አናታቸው ላይ ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ አላቸው።

እኔ መጀመሪያ ስገጥም የቱቦውን ጫፍ ለውበት ብዬ መሪው ማሰሪያ ሥር ሸጎጥኩት። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ሞተሩ ያንቀው ጀመር። ቆምኩ። ክዳኑን ስከፍት «ፍስስ» ብሎ አየር ሳበ። ወዲያው ተነሳ። ደስ ብሎኝ ዘግቼ ሄድኩ፤ ሌላ አርባ ኪሎ ሜትር ላይ ያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። ያቺ «ፍስስ» ሁሉን ነግራኝ ነበር።

1. ክዳኑን አውጡና በመተንፈሻው በአፍ ንፉ። ቫልቭ ከሌለው ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አየር ማለፍ አለበት።
2. በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ካለው አቅጣጫው አየር ወደ ሰልባትዮው የሚያስገባ ይሁን። ተገልብጦ ከተገጠመ ሞተሩ ይታነቃል።
3. ቱቦውን ሳታጥፉ ወደ መሪው መሃል ክፍት ቦታ ውሰዱት። መሪው ሲዞር የሚቆነጠጥበት ቦታ አይሁን።
4. ጫፉን ሰያፍ ቁረጡት። አቧራና ጭቃ ቀጥ ያለውን ቶሎ ይደፍነዋል።

## ደረጃ 9፦ ፍሰቱን ለኩ

ቤንዚን ጨምሩ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቱቦውን ከካርቡራተሩ ንቀሉና ጆጉን በዚያው ከፍታ ያዙ። ክዳኑ ተዘግቶ ሩቢኔቱን ክፈቱ። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ከወረደ በቂ ነው። በሰዓት 100 እየነዳችሁ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ቢበላ እንኳን ለደቂቃ የሚያስፈልገው አንድ አሥረኛ ሊትር ነው።

ጆጉ ሲሞላ ወደ ጀሪካኑ እየገለበጣችሁ አምስት ደቂቃ አስፈስሱት። መጀመሪያ ወርዶ ቀስ በቀስ ከቀጠነ መተንፈሻው ታፍኗል። ከመጀመሪያው ቀጭን ከሆነ ፊልትሮው ወይም ቱቦው ነው። ፊልትሮውን አውጥታችሁ ድገሙት፣ ይለይላችኋል።

## ደረጃ 10፦ አስነሱ

ባትሪውን መልሱ። ሩቢኔቱን ከፍታችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ የካርቡራተሩ ጽዋ ይሙላ። አስነሱና መሪውን ግራ ቀኝ አዙሩ፤ ድምፁ መለወጥ የለበትም። ካርቡራተሩን፣ ሩቢኔቱንና ፋሼታዎቹን በደረቅ ጣት ዳስሱ።

ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ልማድ አለባችሁ። በቆማችሁ ቁጥር ሩቢኔቱን ዝጉ። የድሮው ሩቢኔት ሞተሩ ሲጠፋ ራሱ ይዘጋ ነበር፤ የእጁ አይዘጋም። በቆየ ካርቡራተር ውስጥ ያለው መርፌ ካለቀ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሞልቶ ወደ ሞተሩ ይወርዳል፣ ዘይቱንም ያቀጥነዋል። ሩቢኔቱን ረስታችሁ ካደራችሁ ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ዘይቱን እዩ። ከፍ ካለ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ አታስነሱ፤ ዘይቱን ቀይሩ፣ መርፌውንም አስቀይሩ።

## ደረጃ 11፦ የማይወጣውን ቤንዚን ለዩ

ትልቅ ሰልባትዮ በሻንሲው ግራና ቀኝ እንደ ኮርቻ ከረጢት ወደ ታች ይወርዳል። ሩቢኔቱ በግራ ብቻ ከሆነ፣ ቤንዚኑ ሲያንስ በቀኝ ያለው መሻገሪያ ያጣል። «20 ሊትር» የተባለው ሁሉ 20 ሊትር አይደለም።

ቤት አጠገብ ሞክሩት። ሰልባትዮው ባዶ ሳለ ጥቂት ሊትር ጨምሩና እስኪጠፋ ንዱ። ሲጠፋ ሩቢኔቱን ወደ ሪዘርቭ (መጠባበቂያ) አዙሩና ኪሎ ሜትሩን ዜሮ አድርጉ። ጀሪካን ይዛችሁ፣ እንደገና እስኪጠፋ በሠፈሩ ዙሩ። ያቺ ቁጥር የእናንተ ሪዘርቭ ናት፤ ክዳኑ ሥር ጻፏት። ይህ ሞተር የነዳጅ ጌጅ ስለሌለው የምትመሩት በእሷ ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፉ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ ሰው አስይዛችሁ ሞተር ሳይክሉን በደንብ ወደ ግራ አዘንብሉት። በቀኝ የቀረው ሲሻገር ትሰሙታላችሁ። መንገድ ላይም ይኸው ዘዴ አሥርና ሃያ ኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል።

## ያስቸገረ ነገር ካለ

ከተወሰነ መንገድ በኋላ ይጠፋል፣ ቆም ሲል ይነሳል። መተንፈሻ። ክዳኑን ከፍታችሁ «ፍስስ» ካለ ሌላ አትፈልጉ።

ሚኒሞው ከፍ ብሎ ይቀራል። ደረጃ 3። የሚኒሞውን ቪት ከመነካካታችሁ በፊት መክደኛውን እዩ።

ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ብቻ ይደክማል። ፍሰት ቀጥኗል። ፊልትሮውና የቱቦው ጉብታ።

ከክዳኑ ይንጠባጠባል። አብዝታችሁ ሞልታችኋል፣ አለበለዚያ የክዳኑ ላስቲክ ተጣሟል።

ላዩ ላይ የለጠፋችሁት ተለጣፊ ያብጣል። ምንም አልተበላሸም። ፕላስቲኩ ትነት ያሳልፋል። ቀለምም አይዝም፣ አትድከሙ።

## የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ

የመጀመሪያውን ሙሉ ሰልባትዮ ከከተማ ሳትርቁ ጨርሱት። ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ይሰማችኋል፤ ለፍሬን ከድሮው ቀደም በሉ። የፊት ጎማውን አየር ለኩ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የኋላውን ብሎንና ፋሼታዎቹን ሁሉ እንደገና ዳስሱ።

ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርዱ አፉ ድረስ አትሙሉ። ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሙቀት አንድ በመቶ ገደማ ይሰፋል። በጠዋት ብርድ ጎሐ ጽዮን ላይ 20 ሊትር አጭቃችሁ ዓባይ በረሃ ብትወርዱ፣ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,100 ገደማ ነው። ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር 0.4 ሊትር መሄጃ ይፈልጋል። መውጫው በመተንፈሻው በኩል፣ ሱሪያችሁ ላይ ነው። ከአፉ ሁለት ጣት አጉድሉ።

ነባሩን ሰልባትዮ አትሽጡት። ቤንዚኑን አድርቁ፣ አንድ ብርጭቆ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ውስጡን ሁሉ እንዲያዳርስ አገላብጡ፣ ክዳኑን ዝጉና ደረቅ ቦታ ስቀሉ። የቫኪዩም ሩቢኔቱንና ቀጭኑን ቱቦ በፌስታል አድርጋችሁ እዚያው ላይ እሰሩ።